ስለ ሽንት ቤት የአየር ማስወጫ አያያዝና ጽዳት

(በፍኖተ ሰላም በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ በጽዳት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር። ለመምጣት ላልቻሉ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ርእሳችን ሰው በአደባባይ ሊያነሣው የማይወደው ነገር ነው፤ ሽንት ቤት ነው። ከሽንት ቤቱም ውስጥ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ክፍል፣ የአየር ማስወጫው ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን የግቢያችን ሽታ፣ የዝንቡ ብዛትና የልጆቻችን የዓይን ጤና ከዚህች ቱቦ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ብንሰጣት አይበዛባትም እንላለን።

ልናስገነዝብ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ይኸውም የሸተተ ሽንት ቤት የተተወ ሽንት ቤት ነው። ጉድጓዱ በጥልቀት ቢቆፈር፣ ግድግዳው ቢለሰን፣ በሩ በደንብ ቢገጠም፣ ሽታው አላስገባ ካለ ሰው አይገባበትም። ትልቁ ሰው አፍንጫውን ይዞ ቢገባ እንኳ ሕፃኑ አይገባም፤ ከአጥር ሥር ይቀመጣል። እንግዲህ ከአጥር ሥር የቀረው ነገር ነው በዝንብ እግር ተመልሶ ወደ ቤታችን የሚገባው።

ነገሩን ቀላል አድርገን እንዳናየው የሚያስገድደን የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በወጣው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል 62.6 ከመቶ የሚሆኑት ትራኮማ ይዟቸው ተገኝቷል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አማካይ 40 ከመቶ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚትሮማክስ እደላና በቀዶ ሕክምና ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ሆኖም ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶች እንዳሉ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። መድኃኒቱ በሽታውን ያክማል፤ ዝንቡን ግን አያጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በልጅ ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው በአብዛኛው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ እንጂ በጉድጓድ ውስጥ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋምቢያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ሽንት ቤት በተሠራላቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በጉድጓዱ ውስጥ የሚፈላው፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብለጨልጨው ትልቁ ዝንብ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ከጉድጓድ ወጥቶ ምግባችን ላይ እያረፈ የተቅማጥ በሽታ ሊያዛምት ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ዝንብ የምንከላከለው ሰው ሁሉ በሽንት ቤት እንዲጠቀም በማድረግ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከጉድጓዱ እንዳይወጣ በማድረግ። የአየር ማስወጫ ቱቦ በደንብ ከተያዘ ሁለቱንም ያግዘናል።

ቱቦው እንዴት ነው የሚሠራው?

ብዙ ሰው ሽታው በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። ዋናው ኃይል ግን ነፋስ ነው። ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ በውስጡ ያለውን አየር ወደ ላይ ይስበዋል። በዚህ ጊዜ ከበሩ በላይ የገባው ንጹሕ አየር በመቀመጫው ቀዳዳ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ሽታውን ይዞ በቱቦው ይወጣል። ስለዚህ ቱቦው በትክክል ሲሠራ ሽታ ወደ ቤቱ አይመለስም። ፀሐይ ቱቦውን ስታሞቀውም ትረዳለች፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቱቦ ይበልጥ ይሞቃል። በእኛ አካባቢ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል አዲስ የሚሠራ ሰው ቱቦውን በደቡብ በኩል ቢያቆመው ይጠቀማል።

ሁለተኛው ሥራው ዝንብ መያዝ ነው። ዝንብ ብርሃን ይከተላል። የሽንት ቤቱ ውስጥ ጨለም ያለ ከሆነ በጉድጓዱ የተፈለፈለው ዝንብ የሚታየው ብርሃን በቱቦው ጫፍ ያለው ብቻ ነው። ወደዚያ ይበርራል፤ ወንፊቱ ያግደዋል፤ እዚያው ደርቆ ይሞታል። ከውጭ በሽታው ተስቦ የመጣውም በቱቦው በኩል እገባለሁ ቢል ወንፊቱ አያስገባውም።

ይህ በወሬ የተነገረ አይደለም። እንዲህ ያለው ሽንት ቤት የተፈተነው በዚችው በአፍሪካችን፣ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፣ ብሌር በተባለ የምርምር ላቦራቶሪ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሌላ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሽንት ቤቶችን አነጻጸሩ፤ አንደኛው ወንፊት ያለው ቱቦ ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም። በ78 ቀን ውስጥ ቱቦ ከሌለው 13,953 ዝንብ ሲያዝ፣ ቱቦ ካለው የተያዘው 146 ብቻ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ያው አንድ ቱቦና በጫፉ ላይ ያለች አንዲት ቁራጭ ወንፊት ነች። ታዲያ ይህችን ቁራጭ መንከባከብ አያቅተንም፤ ያቅተናል እንዴ?

በየግቢው የሚታዩ ጉድለቶች

1ኛ/ ወንፊት የሌለው ቱቦ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ወንፊት ያልተሰፋበት ወይም ወንፊቱ የተቀደደ ቱቦ ለዝንብ የተከፈተ በር ነው።

2ኛ/ በሸረሪት ድር የተደፈነ ቱቦ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። በቱቦ ውስጥ ድር ሲያብር የሚያስረው ግን አየሩን ነው። ከላይ ሲያዩት ቱቦው ቆሟል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስላል።

3ኛ/ አጭርና ቀጭን ቱቦ። የፕላስቲክ ቱቦ ውስጡ 15 ሳ.ሜ. ስፋት ሊኖረው፣ ከጣሪያው ከፍተኛ ቦታም ቢያንስ 50 ሳ.ሜ. በልጦ ሊወጣ ይገባዋል። ለመታጠቢያ የሚሆን ቀጭን ቱቦ ተክሎ «አልሠራልኝም» ማለት አይገባም። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ በጫፉ ላይ ቆርቆሮ ወይም የውሃ ፕላስቲክ መድፋትም ስሕተት ነው። በቱቦው የሚገባው ዝናብ ጥቂት ነው፤ የሚታገደው ነፋስ ግን ብዙ ነው።

4ኛ/ መስኮት የተበጀለት ወይም በሩ ሁልጊዜ የተከፈተ ሽንት ቤት። «ትንሽ ብርሃን ይግባ» ተብሎ ግድግዳው ሲቀደድ ዝንቡ ቱቦውን ትቶ ወደ እኛ ይመጣል። አየር የሚገባበት ክፍተት ከበሩ በላይ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ 10 ሳ.ሜ. ከፍታና 60 ሳ.ሜ. ርዝመት ቢኖረው ይበቃዋል።

5ኛ/ የቀዳዳ ክዳን ጉዳይ። ይህ ብዙ ያከራክራል። ቱቦ የሌለው ሽንት ቤት ቀዳዳው ሁልጊዜ መከደን አለበት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሲያስተምሩን የቆዩት ክደኑ ብለው ነው። በደንብ የሚሠራ ቱቦና ደኅና ወንፊት ያለው ሽንት ቤት ግን ቀዳዳው ጥብቅ ተደርጎ ከተከደነ አየሩ መሄጃ ያጣል። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ማንሳት ወይም ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ቱቦው መሥራት ካቆመ እስኪጠገን ድረስ ይከደን።

ጽዳቱ እንዴት ይከናወን?

ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። የሚያስፈልገው መሰላል፣ ረጅም ዘንግ፣ ቅጠል ወይም ጨርቅ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ማሰሪያ ሽቦና አዲስ ወንፊት ነው።

ሀ/ በመጀመሪያ ቱቦው መሥራት አለመሥራቱ ይፈተን። ጥቂት እርጥብ ሣር አጭሶ ከመቀመጫው ቀዳዳ በላይ መያዝ ነው። ጭሱ ወደ ታች ተስቦ ከገባና በቱቦው ጫፍ ከወጣ ደኅና ነው። ወደ ፊታችን ከተመለሰ አንድ ቦታ ተደፍኗል ማለት ነው። ጥንቃቄ፦ በጉድጓዱ ውስጥ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊኖር ስለሚችል እሳት ወይም የበራ ክብሪት ከቶ አይጣልበት። ነፋስ ፈጽሞ በሌለበት ሰዓት መፈተንም ያሳስታል።

ለ/ ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ መሰላሉን ይዞ ሌላው ይውጣ። አሮጌው ወንፊት ይፈታ፤ የሞተው ዝንብ ይራገፍ። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር አይውጡ።

ሐ/ በዘንጉ ጫፍ ቅጠል ወይም ጨርቅ አጥብቆ አስሮ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች መጥረግ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ማፍሰስ፤ የቀረውን ድር አጥቦ ይወርዳል። ውሃው ቱቦው ውስጥ ከቆመ ከታች ሌላ የደፈነው ነገር አለ።

መ/ አዲሱን ወንፊት መግጠም። ቀዳዳው ከ1.2 እስከ 1.5 ሚ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ ከሰፋ ዝንብ ያሳልፋል፤ እንደ ዱቄት ወንፊት ከጠበበ ደግሞ አየር ያግዳል። ከጉድጓዱ የሚወጣው አየር ብረት ስለሚበላ ተራ ሽቦ ቶሎ ይዝጋል። የማይዝግ ብረት ወይም አልሙኒየም ከተገኘ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ካልተገኘ በፕላስቲክ የተሸፈነው የመስኮት ወንፊት ጥቂት ዓመት ያገለግላል። የአልጋ አጎበር ግን ለዚህ አይቆረጥ። ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል፤ ወባ ባለበት አገር ደግሞ ቦታው አልጋ ላይ ነው።

ሠ/ ቱቦው ጣሪያውን ቀድዶ የሚወጣበት ቦታ በስሚንቶ ይደፈን፤ አለዚያ በክረምት ዝናብ ያስገባል። ነፋሱን የሚከልል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ።

ረ/ ወደ ጉድጓዱ ፌስታል፣ የተሰበረ ጠርሙስ ወይም በረኪና አይጣል። በረኪና ቆሻሻውን የሚያበሰብሱትን ሕዋሳት ስለሚገድል ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። በምንም ምክንያት ደግሞ ሰው ወደ ጉድጓድ አይውረድ። የወደቀ ዕቃ ካለ ይቅር፤ ነፍስ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቀኑ እንዳይረሳ በመጀመሪያ ለግንቦት ልደታ፣ ሁለተኛ ለመስቀል ቤታችንን ስናጸዳ ብናደርገው መልካም ነው። በዓሉን የማታከብሩም የግንቦትን መግቢያና የመስከረምን አጋማሽ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያው ጽዳት ቱቦውን ለክረምት ያዘጋጀዋል፤ ሁለተኛው ዝናብና ነፋስ የጎዳውን ይጠግናል። በመካከሉ በወር አንድ ቀን ቀና ብሎ ወንፊቱን ማየት ብቻ ነው።

በገጠር ላሉ ዘመዶቻችን

ብዙዎቻችን በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማ፣ በቡሬ ዙሪያ ቤተ ሰብ አለን። «ለእኛ የፕላስቲክ ቱቦ ከየት ይመጣል?» ይሉናል። ቱቦ የግድ ከሱቅ መገዛት የለበትም። ሸምበቆን እንደ ጎተራ ክብ አድርጎ ጠርቦና አስሮ፣ ላዩን በስሚንቶ መለሰን ይቻላል፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ገጠርም እንዲህ ይሠራል። በጡብ እንደ ጭስ ማውጫ የሚገነባም አለ። የእንዲህ ዓይነቱ ውስጡ ሸካራ ስለሆነ ከፕላስቲኩ መስፋት አለበት፤ ከ20 እስከ 23 ሳ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው። ወንፊቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ አይቀርም። ቱቦ ጨርሶ ለማይችል ደግሞ ቀዳዳውን በእንጨት ክዳን መግጠምና ከተጠቀሙ በኋላ አመድ መነስነስ ሽታውንም ዝንቡንም ይቀንሳል።

ከገጠር ለትምህርት መጥተው በከተማችንና በቡሬ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ስንቃቸውን ተሸክመው የመጡት ለመማር ነው። አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ሰው በሚሆንበት ግቢ ሲኖሩ ተቅማጥ ቢይዛቸው ከትምህርታቸው የሚቀሩት እነሱ ናቸውና ስለነሱም እናስብ።

መብራት ለሚጠቀሙ

በአንዳንድ ግቢዎች መታጠቢያና መጸዳጃው ከቤት ውስጥ ሆኗል፤ በግድግዳው ላይም በመብራት የሚሠራ የአየር ማስወጫ ቬንትሌተር ይታያል። ይህም ያው የቱቦው ታናሽ ወንድም ነው። ነፋስ የሚሠራውን እሱ በሞተር ይሠራል፤ ካልተጸዳም ያው ይታፈናል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ጣሪያው ይሻግታል፤ ልብስ አይደርቅም።

በየሦስት ወሩ እንዲህ ይደረግ። በመጀመሪያ መብራቱ ከዋናው ማጥፊያ ይጥፋ። «መብራት ጠፍቷል» ብሎ መጀመር አይገባም፤ ድንገት ይመጣል። ከዚያ ሽፋኑ ተፈትቶ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ። ክንፎቹ በእርጥብ ጨርቅ፣ ጥጋጥጋቸው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጉ። ሞተሩ ላይ ውሃ አይፍሰስ፤ በደረቅ ብሩሽ አቧራው ይራገፍ። በስተውጭ ያለው መዝጊያ ምላስ በነፃ መከፈትና መዘጋቱ፣ ወፍም ጎጆ እንዳልሠራበት ይታይ። ሁሉም ደርቆ ከተገጠመ በኋላ አንድ ስስ ወረቀት ሽፋኑ ላይ ያስጠጉ፤ ስቦ ከያዘው ይሠራል። ከበሩ ሥር አየር የሚገባበት አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ የማይገባ አየር አይወጣም። ማስወጫው ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ሳይሆን ወደ ደጅ መድረሱም ይረጋገጥ። የሚጮህ ወይም የሚሸት ሞተር ካለ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሰጥ።

ሥራው የማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በብዙ ግቢ አከራዩ «የሚጠቀሙበት ተከራዮቹ ናቸው» ይላል፤ ተከራዮቹ «ቤቱ የሰው ነው» ይላሉ። በዚህ መካከል ወንፊቱ ተቀድዶ ይከርማል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ዝንቡ ግን የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ከአከራዩም ከተከራዩም ማዕድ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ማኅበሩ ለውይይት የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ዕቃውን አከራዩ ያቅርብ፤ ጉልበቱን ተከራዮች በተራ ይስጡ። ተራው ተጽፎ በሽንት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ቱቦ የሚያስፈልገው ወንፊት 25 ሳ.ሜ. በ25 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወንፊት ለ16 ቱቦ ይበቃል ማለት ነው። እያንዳንዱ ግቢ ለብቻው ከሚገዛ 16 ግቢ ተዋጥቶ አንድ ሜትር ቢገዛ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ከባድ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ መሰላል የሌላቸውንና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ግቢ የሰፈሩ ወጣቶች ይሥሩላቸው። ቡና ማፍላቱን እናቶች አይነፍጓቸውም።

አራተኛ፣ አዲስ ሽንት ቤት የሚያሠራ ሰው ለግንበኛው ገና ከመጀመሪያው ስለ ቱቦው ይንገር። ኋላ ጣሪያ ቀድዶ ከመግጠም አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል።

ወገኖቻችን፤ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ትባላለች፤ ፍኖት ማለት መንገድ ነው። ስሟ መንገድ በሆነ ከተማ ውስጥ እየኖርን ለአየሩ መንገድ መንፈግ አይገባንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሥራ የሌላ አካል በጀት የሚጠበቅበት አይደለም። ልጁ ሳይፈራና ሳይጸየፍ የሚገባበት ሽንት ቤት ካለው ከአጥር ሥር አይቀመጥም፤ ዓይኑ ላይ የሚያርፈውም ዝንብ ይቀንሳል።

አሁን ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከዚያ በኋላ ለወንፊቱ መዋጮ የምትመዘገቡ በጸሐፊው ዘንድ የግቢያችሁን ቱቦ ብዛት አስመዝግቡ። ይህን በሰሌዳው ላይ የምታነቡም እንዲሁ አድርጉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም ንገሩልን።



የሰፈሩ ማኅበር የጽዳት ኮሚቴ